ከኢኖሲ ጫፍ

ኳሷ የቫኑዋቱዋን መቺ እግር ስትመታ አሲናቴ ከሩጫዋ ገና አልቆመችም ነበር። ጎንበስ እንዳለች ግን አይታዋለች። ያ እግር እዚያ ባይገተር ኖሮ ኳሷ መካከለኛውን ችካል ነቅላ ትጥለው ነበር። ለዚህ ምስክር መጥራት አያስፈልግም። ወርዋሪ የኳሷን መንገድ የምታውቀው እናት የልጇን ኮቴ እንደምትለየው ነው።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዞር ብሎ ዳኛውን «እንዴት ነው?» ብሎ መጮህ። በክሪኬት ወደ ችካሎቹ የሚሄድ ኳስ በእግሯ ያገደች መቺ ከጨዋታ ትወጣለች፤ ዳኛው ግን ካልተጠየቀ አይፈርድም። መቺዋ እንደወጣች በዓይኑ በብረቱ ቢያይ እንኳ፣ ከተጋጣሚዎቿ አንዷ አፍ አውጥታ ካልጠየቀችው በቀር ዝም ብሎ ይቆማል። ጨዋታው ሲፈጠር እንዲህ ሆኖ ተፈጠረ፤ ምን ይደረግ።

አሲናቴ ዞረች። አፏንም ከፈተች። ዳኛው ኢኖሲ ነጭ ኮቱን ለብሶ፣ እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ፣ በእሷ አናት ላይ አሻግሮ ከሜዳው ማዶ ወዳለው የመንግሥት ሕንጻ ሰዓት ያያል። አፏን መልሳ ገጠመችው።

ያለፈ ኳስ ለመያዝ ከመቺዋ ጀርባ የቆመችው አምበሏ ኬሌራ በመቺዋ ሰፊ ወገብ ተከልላ ምንም አላየችም። ሌሎቹም «ጉዳይ ቢኖር ወርዋሪዋ ትጮህ ነበር» ብለው ወደየቦታቸው ተመለሱ። መቺዋ እግሯን አሸት አሸት አድርጋ ቆመች፤ ቆማም ጨዋታውን ይዛው ሄደች። የፊጂ ሴቶች በገዛ አገራቸው፣ በዋና ከተማቸው ሱቫ መሐል፣ ዘመድ አዝማድ ምንጣፍ አንጥፎ እያያቸው ተሸነፉ። ከዚህ በኋላ ወደ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ለመሄድ የቀራቸው ዕድል አንድ ነው፤ በመጨረሻው ጨዋታ ሳሞኣን መርታት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢኖሲ ለአሲናቴ ወንድሟ ነው። አባቶቻቸው ወንድማማቾች ናቸውና ተወልደው ባደጉባቸው በላው ደሴቶች የአጎት ልጅ የሚባል ቃል የለም፤ ወንድም ነው። እኅት ደግሞ ወንድሟን አታናግርም። ጠብ አይደለም፤ ከጠብ ተቃራኒው ነው፣ ክብር ነው። ሱቫ ተወልደው ያደጉት ይህን ትተውት ከወንድሞቻቸው ጋር በአንድ ሰሐን ይበላሉ፣ ይላፋሉም። እነዚህን ሁለቱን ያሳደጓቸው አክስታቸው ኔይ ቫሲቲ ግን እንዲህ ያለውን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ከላው ደሴቶች አንዷ በሆነችው በላኬምባ፣ በእሳቸው ቤት፣ ኢኖሲ በባሕሩ በር ሲገባ አሲናቴ በጓሮው በር ትወጣ ነበር። መልእክት ካለ በኔይ ቫሲቲ በኩል ነው። ኔይ ቫሲቲ ደግሞ ጨው ሳይጨምሩ ያደረሱት መልእክት በላኬምባ ደሴት ታሪክ ውስጥ አልተመዘገበም።

ኳስ መወርወር የተማረችው ከእሱ ነው፤ ያውም አንድ ቃል ሳይተነፍስ። ባሕሩ ሲሸሽ ጠንከር ያለው አሸዋ ላይ ሦስት እንጨት ተክሎ ብቻውን ይለማመድ ነበር። እሷ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ሆና ታያለች። ሲጨርስ ኳሱን ይዞት አይሄድም፤ ከእንጨቶቹ ሥር አስቀምጦት ይሄዳል። በማግስቱ እሷ ስትወረውር እሱ ጀርባውን ሰጥቶ የአባቱን መረብ ይጠግናል። ጀርባ ያያል ወይ? የኢኖሲ ጀርባ ሳያይ አይቀርም። ምክንያቱም እሷ አንድ ቀን የእጅ አንጓዋን አላጣመመችውም እንደሆነ፣ በማግስቱ እሱ ያንኑ አንጓ ብቻ ሲያጣምም ያረፍዳል።

እንዲህ እንዲህ እያሉ አደጉ። እሱ ጉልበቱ ተሰብሮ መጫወት ሲያቅተው ሱቫ መጥቶ ዳኛ ሆነ፤ እሷም ተከትላ መጥታ ለአገሯ ተመረጠች። ሰው ሁሉ «ይቺ እጅ የኢኖሲ እጅ ናት» ይላል። አሲናቴ ግን በዚህ ምድር ላይ አጥብቃ የምትፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ አንድ ቀን፣ አንዲት ቃል፣ ስለ አወራወሯ ከራሱ ከኢኖሲ አፍ መስማት። በኔይ ቫሲቲ በኩል የመጣውንማ ሰምታለች። «ኳስሽ እንደ እባብ መሳዩ ዓሣ ይጥመለመላል ብሏል» ብለዋታል። ግማሹ የማን እንደሆነ ግን እግዜር ይወቀው።

በክለብ ጨዋታ እሱ ሲዳኝ ኬሌራ ትጮህላት ስለነበር ችግር አልነበረም። ወርዋሪዎች ሁሉ ኮፍያቸውን ለዳኛው ሰጥተው ይወረውራሉ፤ አሲናቴ ግን የእሷን ሣሩ ላይ ታስቀምጣለች፣ ስትጨርስ ታነሳለች። ሰው ለምዶታል። በዚህ ታላቅ ውድድር ላይ ግን ኢኖሲ ይመደባል ብሎ ማንም አላሰበም። የተመደበው ዳኛ በደንጊ ትኩሳት አልጋ ሲይዝ ተጠባባቂው እሱ ሆኖ ተገኘ። አልዋሸም፤ «ከወርዋሪዎቹ አንዷ እኅቴ ናት» ብሎ ለኃላፊው ነገረው። ከባሕር ማዶ የመጣው ኃላፊ ሳቀ።

«በዚህ አገር እኅትህ ያልሆነችውን እስቲ አሳየኝ። ታዳላላታለህ?»

«አላዳላም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ችግሩ?»

ይህን ለፈረንጅ ከየት ጀምሮ ያስረዳዋል? ነጭ ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ከሽንፈቱ በኋላ በድንኳኑ ውስጥ ኬሌራ የእጅ ጓንቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ወረወረችው። የእሷ መንደርና የአሲናቴ መንደር ከጥንት ጀምሮ መሰዳደብ የተፈቀደላቸው ናቸው፤ የተሰደበ ከተቀየመ እሱ ነው ነውረኛ የሚባለው። ዛሬ ግን ቀልዱ ውስጥ እሾህ ነበረበት።

«አንቺ የላኬምባ ልጅ፣ ምላስሽን ዓሣ በላው እንዴ? ከኮኮናት ሌላ የማታውቁ ጉዶች! በቴሌቪዥኑ መልሰው ሲያሳዩት እኮ የአንድ ዓመት ሕፃን እንኳ መውጣቷን ያውቃል!»

«አንቺስ የት ነበርሽ፣ የጭቃ ሸርጣን በላተኛ?» አለች አሲናቴ፤ ድምፅዋ ግን አልጠነከረላትም።

«እኔማ ከዚያች ዳሌ ጀርባ ተቀብሬ ነበር! ስሚ፣ ወንድምሽ ነው፤ ገባኝ። ግን ዳኛም ነው።»

«ዳኛ ከመሆኑ በፊት ወንድሜ ነው።»

ኬሌራም የፊጂ ልጅ ናትና ክብርን ክብር አይደለም ማለት አልቻለችም። ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ስትፈታ ቆየችና «ከሳሞኣ ጋር ስንጫወት ሌላው ዳኛ ከሚቆምበት ጫፍ ነው የምትወረውሪው። ከኢኖሲ ጫፍ አትደርሺም። አለቀ» አለች።

ኔይ ቫሲቲ የተቀቀለ ካሳቫና በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ በቅርጫት ይዘው መጡ። ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ ማብላት ነው። ከዚያም ወደ አሲናቴ ጠጋ ብለው፣ አፋቸው ውስጥ መራራ ነገር እንደያዘ ሰው፣ «መልእክት አለሽ» አሏት።

«ከማን?»

«ከማን ይሆናል? ከዚያው። ‹ሜዳ ውስጥ ወንድሟ አይደለሁም፤ ኮት የለበሰ ችካል ነኝ፤ ችካሉን ትጠይቀው› ይላል።»

«እሱ ነው ያለው ወይስ እርስዎ?»

«እኔ? እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አመጣለሁ?» ኔይ ቫሲቲ ተቆጡ። «ዛሬ አንዲት ፍሬ ጨው አልጨመርኩም። የምጨምረው አሁን ነው፤ የላው ሰው በሙሉ ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ እያየ አንቺ ወንድምሽ ላይ አፍሽን ከከፈትሽ እኔን ቀብረሽኝ ሂጂ። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«ዝም ብዬ እኮ ነው ያሸነፉን።»

ኔይ ቫሲቲ ቅርጫቱን ዘጉት።

የሳሞኣ ጨዋታ ቀን ሰማዩ እንደ ሱቫ ሰማይነቱ ተንጠልጥሎ ዋለ፤ ይዘንባል አይዘንብም፣ ያስጠብቃል። የላው ሰዎች በትልልቆቹ ዛፎች ሥር ምንጣፋቸውን አነጠፉ። ሳሞኣዎቹም ከበሮና የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ማዶ ተሰለፉ፤ ነጥብ ለሚያስገኘው ለእያንዳንዱ ሩጫ ቆርቆሮውን ሲደበድቡት ጥርስ ያነቃንቃሉ። ፊጂዎች መጀመሪያ መትተው መጠነኛ ነጥብ አስቆጠሩ። ሳሞኣዎች ተከተሉ። አሲናቴ ከማዶው ጫፍ እየወረወረች ሁለቱን አስወጣች፤ አንዷን ችካሏን ነቅላ፣ አንዷን የመታችውን ኳስ በኬሌራ እጅ አስይዛ። ለሁለቱም ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ኬሌራ «አየሽ፣ ያለ ምላስም ይቻላል!» ብላ ጀርባዋን መታቻት።

ግን ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል። ወደ መጨረሻው ላይ ከወርዋሪዎቻቸው አንዷ ኳስ ላቆም ብላ ስትንሸራተት ቁርጭምጭሚቷ ዞረና በቃሬዛ ወጣች። ሌሎቹ ሕጉ የፈቀደላቸውን ያህል ወርውረው ጨርሰዋል። የመጨረሻዎቹ ስድስት ኳሶች ቀሩ፤ ለመወርወር የተፈቀደላት አሲናቴ ብቻ ናት፤ ጫፉም የኢኖሲ ጫፍ ነው።

ኬሌራ ኳሱን በጓንቷ ይዛ መጣች።

«እኔ የማየውን እኔ እጠይቃለሁ» አለች ኬሌራ ቀስ ብላ። «የማላየውን ግን... በቃ። አንቺ ታውቂያለሽ።»

አሲናቴ ኮፍያዋን አውልቃ እንደ ልማዷ ሣሩ ላይ አኖረችው። ኢኖሲ ወደዚያ አላየም። ዝናቡ በትንሽ በትንሹ ማካፋት ጀመረ፤ ማንም ግን ከቦታው አልተነሳም። ሣሩም፣ ኳሱም፣ ሁሉም ነገር ይንሸራተታል።

አራት ኳስ ወረወረች፤ ሁለቷን ሳሞኣዎች ሮጡባት። ሁለት ኳስ ቀረ። ሳሞኣ ለማሸነፍ አራት ሩጫ ያስፈልጋታል፤ የመጨረሻዎቹ ጥንድ መቺዎች ናቸው፣ ከሁለቱ አንዷ ከወጣች ፊጂ አሸነፈች ማለት ነው። ፊት ለፊት የቆመችው ሌይቱ የምትባል ትከሻ ሰፊ ልጅ ናት፤ ስትስቅ ጥርሷ ከሩቅ ይታያል። አሁን አትስቅም።

አሲናቴ ሮጠች፤ አንጓዋን በአሸዋው ላይ እንዳየችው አጣመመች፤ ለቀቀችው። ከእጇ ሲወጣ ጀምሮ የተለየ ኳስ መሆኑን አውቃለች። ወደ ውጭ የሚሄድ መስሎ ሄደ፣ ሌይቱ ልትመታው እግሯን ዘረጋች፣ ኳሱ መሬት ነክቶ ወደ ውስጥ ተጠመዘዘና ጉልበቷ ሥር ጧ! አለ። ሌይቱ የቆመችው ከችካሎቹ ፊት ነው። ኬሌራ ወደ ግራዋ ዘልላ ነበር፤ አፏ እንደተከፈተ ቀረ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም።

አሲናቴ ዞረች።

ኢኖሲ በዚህ ጊዜ ሰዓቱን አያይም። እሷን ያያል። ዕድሜዋን ሙሉ ያን ፊት ከጎን ወይም ከኋላ እንጂ እንዲህ ቀጥ ብላ አይታው አታውቅም ነበር። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ እንዳለው እንኳ አሁን ነው ያየችው። ከዛፉ ሥር ኔይ ቫሲቲ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ሲጭኑ አየቻቸው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ቢሆንም ወጣ።

«እንዴት ነው?»

ጩኸት አልነበረም። ወርዋሪዎች እጃቸውን ዘርግተው፣ ተንበርክከው፣ ደም ሥራቸው እስኪገተር ነው የሚጮሁት። የእሷ ግን ከበር ላይ ቆሞ «ቤቶች» እንደሚል ሰው ድምፅ ነበር። ሳሞኣዎቹ እንኳ ቆርቆሯቸውን ያዙት፤ በእነሱም ዘንድ እኅትና ወንድም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉና ነገሩ ሳይነገራቸው ገባቸው።

ኢኖሲ ከንፈሩን አረጠበ።

«አልወጣችም» አለ።

ይኸው ነው። ወንድሟ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገራት ቃል ይኸው ነው። የምታለቅስ መስሏት ነበር፤ ግን ውስጧ ያለው ልቅሶ ይሁን ሌላ መለየት አቃታት። ወደ መነሻዋ ስትመለስ ሣሩ ላይ ያኖረችው ኮፍያ የለም። ሳታስበው ቀና ብትል፣ የኮፍያው ጫፍ ከኢኖሲ ነጭ ኮት ሥር ብቅ ብሏል። ዝናቡ በርትቶ ነበር።

የመጨረሻውን ኳስ ወረወረች። መጥፎ ኳስ አልነበረም። ሌይቱ ግን ዓይኗን ጨፍና ይሁን ገልጣ እንጃ፣ ባላት ኃይል ሁሉ ሰነዘረችና ኳሱ እርጥቡን ሣር እየሰነጠቀ ድንበሩን አለፈ፤ ድንበር ያለፈ ኳስ ሳይሮጡለት ነጥብ ነው። አራት። ሳሞኣዎቹ በዝናቡ ውስጥ እየዘለሉ ገቡ። ሌይቱ ግን በመጀመሪያ ወደ አሲናቴ መጥታ እርጥብ ፊቷን ከእርጥብ ፊቷ ጋር አገናኘችና «ያቺኛዋ ኳስ እኮ ልትገድለኝ ነበር» አለቻት በጆሮዋ።

በድንኳኑ ውስጥ ኔይ ቫሲቲ እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ጠበቋት።

«ሃያ ሦስት ዓመት!» አሉ። «ሃያ ሦስት ዓመት አፉን ይዞ ኖሮ፣ ደፍራ ብትጠይቀው፣ መጀመሪያ ያወጣው ቃል ‹አይሆንም›! እንዲህ ያለ ወንድም በየትኛው ደሴት አለ? እኔ እኮ በመናገርሽ ልሞት ነበር፤ አሁን ደግሞ በእሱ መልስ ነው የምሞተው! ዛሬ ማታ ምግቡን ለድመት ነው የምሰጠው!»

«አክስቴ፣ ዳኛ እኮ ነው» አለች ኬሌራ፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ዳኛ ከመሆኑ በፊት ወንድሟ ነው!»

ኬሌራ በሽንፈቷ መሐል ሳቅ አመለጣት። ሌሎቹም ተከተሏት፤ የሚያለቅሱትም ጭምር። አሲናቴ ግን አልሳቀችም። «ኮፍያዬን ረስቼዋለሁ» ብላ ወጣች።

ሜዳው ላይ ኢኖሲ ብቻውን ነበር። ሁለቱን ችካሎች ነቅሎ ብብቱ ሥር ይዟቸዋል፤ በሌይቱ እግር በኩል የነበረችው አንዲቷ ግን አሁንም ተተክላለች። ኮቴዋን ሰማ። ዞር አላለም። እሷም ሳትደርስበት፣ በላኬምባ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ እስከ አሸዋው ያለውን ያህል ርቃ ቆመች። ጨዋታው አልቋል፤ ከእንግዲህ ኮት የለበሰ ችካል አይደለም፣ ወንድሟ ነው። ስለዚህ መነጋገር የለም።

ኢኖሲ ለተተከለችው ችካል መናገር ጀመረ።

«ስሚ፣ አንቺ እንጨት» አለ፣ ለማዳ ፍየል እንደሚያናግር ሰው። «ኳሷ በሁለት ጣት ስታሽ ነበር የምታልፈው። ስለዚህ ያልኩትን አልኩ። ነገም ብጠየቅ ይህንኑ እላለሁ።»

ዝናቡ ከኮቱ ላይ ይወርዳል። ብብቱ ሥር ያሉትን ችካሎች አስተካክሎ ያዘ።

«ሰው ‹ያቺን እጅ ያስተማርካት አንተ ነህ› ይለኛል። ውሸት ነው። እኔ ኳሱን ነው እዚያ የተውኩላት። እንደ ዛሬዋ ያለች ኳስ እኔ በጤናዬም ጊዜ ወርውሬ አላውቅም። ይህን ለኔይ ቫሲቲ ብነግራቸው ጨው ያበዙበታል፤ አንቺ ግን እንዳለ ታደርሻለሽ ብዬ ነው።»

አሲናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይህን ያህል ዘመን የጠበቀችው ሲመጣ እንዲህ በዝናብ ረጥቦ ይመጣል ብላ አላሰበችም ነበር። ከዚያ እሷም ወደ ችካሏ አየች።

«ንገሪልኝ» አለች። «ኳሷ እንደምትስትሽ ገና ስዞር አውቄ ነበር። ኬሌራም አውቃለች፤ ለዚህ ነው ያልጮኸችው።»

የኢኖሲ ጀርባ ቀጥ አለ።

«ታዲያ ለምን ጠየቀች በይልኝ?»

«አንድ ጊዜ ልትጠይቀው ፈልጋ ነው በይው።»

የኢኖሲ ትከሻ ሁለት ጊዜ ነጠር ነጠር አለ፤ ይስቅ ይሁን ያልቅስ ከኋላ አይታወቅም። ከዚያ ከኮቱ ሥር ኮፍያዋን አወጣና በችካሏ ጫፍ ላይ ሰቅሎት፣ እያነከሰ ሄደ።

አሲናቴ ስትመለስ ኔይ ቫሲቲ የድንኳኑ ደጃፍ ላይ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቁ ነበር። ከላይ እስከ ታች በስብሳለች፤ ራሷ ላይ ያለው ኮፍያ ግን ገና መርጠቡ ነው።

«ምን አለሽ?» አሏት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መልእክት በሌላ እጅ ያለፈባቸው ሰው ሆነው።

«ምንም አላለኝም። ከችካል ጋር ነበር የሚያወራው።»

«እና ችካሉስ ምን አለሽ?»

አሲናቴ አሁን ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ።

«ያደረሰችልኝን አልነግርዎትም፣ አክስቴ። እርስዎ ጨው ያበዛሉ።»